ሳይመረመር የሚያንኮራፋው ስደተኛና የማስተኛ መርፌ

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ምርጫ፣ ስለ እስረኞች፣ ስለ ተቃዋሚ ድርጅቶች መሰነጣጠቅና መልሶ መዋሐድ ብዙ ተብሏል። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ማንኮራፋት ነው። “ሀገር እየነደደች ስለ ማንኮራፋት?” የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ትንሽ ይታገሰን። በስደት ያለው ወገናችን ዕድሜው እየገፋ ነው፤ በየክሊኒኩ ለ“ቀላል ምርመራ” በመድኃኒት የሚተኛውም እየበዛ ነው። ሳይጠየቅ የሚታለፍ አንድ ጥያቄ ደግሞ ይህንን ሰው ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

ነገሩን እዚሁ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከሆነው እንጀምር (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ማይክል ጃክሰን ጁን 25 ቀን 2009 ሲሞት ዓለም ሁሉ አለቀሰ። አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ለቅሶውንና የሐኪሙን ክስ ነው። ከክሱ ውስጥ ለእኛ ሊቀር የሚገባው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ሟቹ የተሰጠው ፕሮፖፎል የሚባል ወተት የመሰለ የማስተኛ መድኃኒት ነበር። ይህ መድኃኒት በየቀኑ በየሆስፒታሉ የሚሰጥ ነው፤ ሆኖም የሚሰጠው ትንፋሽን የሚከታተል ባለሙያና መሣሪያ አጠገብ ሲኖር ብቻ ነው። በዚያ መኝታ ቤት ውስጥ የነበረው ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ፣ በፍርድ ቤት እንደተመሰከረው፣ ኦክስጅን ሲወርድ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ አልነበረውም። ሐኪሙም ከአጠገቡ ተነሥቶ ነበር። ኖቬምበር 7 ቀን 2011 ጁሪው ጥፋተኛ አለው፤ አራት ዓመት ተፈረደበት።

“እሱ የሀብታም ጣጣ ነው” ይባል ይሆናል። እንግዲያው ወደ ኒው ዮርክ እንሂድ። ታዋቂዋ ኮሜዲያን ጆን ሪቨርስ በኦገስት 28 ቀን 2014 ወደ አንድ ክሊኒክ በእግሯ ገባች። የሄደችው ድምፅዋ ስለ ሻከረና ቃር ስላስቸገራት ጉሮሮዋንና ጨጓራዋን በካሜራ ለመታየት ነበር። ከእኛ መካከል ስንቱ በዚሁ ምክንያት ሐኪም ቤት ይሄዳል! በፕሮፖፎል ተኛች፤ ትንፋሿ ታገደ፤ በሴፕቴምበር 4 አረፈች። የከተማው አስከሬን መርማሪ የሞቷን ምክንያት በምርመራው ወቅት በደረሰ የኦክስጅን እጦት አንጎሏ መጎዳቱ ነው ብሎ ደመደመ። የፌዴራል መንግሥት መርማሪዎች ደግሞ ክሊኒኩ የታካሚዋ ሁኔታ እየተበላሸ መሄዱን በጊዜው አላስተዋለም አሉ። ገንዘብ፣ ዝናና እንግሊዝኛ ያላት ሴት ይህ ከደረሰባት፣ ሦስቱም የሌሉትን ወገናችንን ማሰብ ነው።

አሁን ወደ ማንኮራፋቱ እንምጣ።

ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻዎች ይላላሉ። በአብዛኛው ሰው ላይ ይህ ምንም አያመጣም። አንዳንዱ ግን አንገቱ ስለ ወፈረ፣ መንጋጋው ስለ ጠበበ ወይም ምላሱ ወደ ኋላ ስለሚወድቅ የአየሩ መንገድ እንደ ባዶ ስልቻ አፍ ይጣበቅበታል። ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። አሥር ሰከንድ፣ ሃያ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ደቂቃ ያልፋል። በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል። በዚህ ጊዜ አእምሮ እንደ ሌሊት ዘበኛ ሆኖ ሰውየውን ይቀሰቅሰዋል፤ እሱም በኃይል አጓርቶ አየር ይስብና መልሶ ይተኛል። ጠዋት ምንም አያስታውስም። ይህ በአንድ ሌሊት በመቶ ለሚቆጠር ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። በሽታው ስሊፕ አፕኒያ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ በእንቅልፍ የትንፋሽ መታገድ ልንለው እንችላለን።

የማስተኛ መርፌ በዚህ ሰው ላይ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል። ጉሮሮውን ከተፈጥሮ እንቅልፍ ይበልጥ ያላላዋል፤ ዘበኛውንም አብሮ ያስተኛዋል። ቤቱ ሲታፈን የሚቀሰቅሰው ነበረው፤ እዚያ አልጋ ላይ ግን ከውጭ ሆኖ የሚቀሰቅሰው ከሌለ በራሱ አይነቃም። ወፍራም ሰው ተንጋሎ ሲተኛ ደግሞ በሳንባው ውስጥ የሚይዘው የኦክስጅን ስንቅ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። አንጎል ያለ ኦክስጅን የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። አደጋው ምርመራው ሲያልቅ ያበቃል ማለትም አይደለም፤ ሰውየው ማገገሚያ ክፍል ውስጥ ተኝቶ፣ በተለይ ከኦፒየም ወገን የሆነ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶት ከሆነ፣ “አለቀ፣ ደህና ነው” ተብሎ ሰው ዞር ባለበት ሰዓትም ሊታፈን ይችላል።

ይህ በሽታ ብርቅ አይደለም። በ1993 በዊስኮንሲን የተደረገው የታወቀ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 60 ከሆኑ ሰዎች መካከል ከወንዶቹ 24 በመቶው፣ ከሴቶቹ 9 በመቶው በሰዓት አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ በእንቅልፍ ትንፋሻቸው እንደሚታገድ ወይም እንደሚያንስ አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው ጥናት ላይ የተመሠረተ ሥራ እንዳሳየው፣ መካከለኛና ከባድ በሽታ ካለባቸው ወንዶች 82 በመቶው፣ ከሴቶቹ 93 በመቶው በሽታው እንዳለባቸው በሐኪም አልተነገራቸውም ነበር። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት በዓለም ላይ ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጋ ጎልማሳ እንዳለበት ገምቷል። ጆርጅ ሉካስ በሠራቸው ፊልሞች የምናውቃት ካሪ ፊሸር በ2016 መጨረሻ ከለንደን ወደ ሎስ አንጀለስ ስትበር ትንፋሿ ተቋርጦ ከቀናት በኋላ ስትሞት፣ የዚህች ከተማ አስከሬን መርማሪ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ስሊፕ አፕኒያ ነበር (መድኃኒትና አደንዛዥ ዕፅም በደሟ ተገኝቷል)።

እኛስ? እኛ ዘንድ ማንኮራፋት የጤና ምልክት ነው። “እንቅልፍ ወስዶታል፣ ስሙት እንዴት እንደሚያንኮራፋ!” ተብሎ ይሳቃል። ቦርጭ ሲወጣ “ተመችቶታል፣ አማረበት” ይባላል። ሚስት ሌላ ክፍል መተኛት ስትጀምር ጎረቤት የትዳር ችግር አድርጎ ያወራዋል። ሌሊት እየታፈነ የሚባንነውን ደግሞ “ዱካክ ተጫነው” እንለዋለን። ዱካክ የሚባለው ሁሉ ይህ በሽታ ነው ማለታችን አይደለም፤ ነቅቶ ሳለ እጅ እግሩን ማንቀሳቀስ የሚያቅተው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ነገር ግን ስሙ አንዴ ከተሰጠ ጠበል ወይም ዝምታ ይከተላል እንጂ ሐኪም አይጠየቅም።

ኑሯችንም ያግዘዋል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ወገናችን ታክሲ ይነዳል፣ ኡበር ይነዳል፣ ፓርኪንግ ይጠብቃል፣ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ይሠራል፣ ሁለት ሥራ ይዞ በአራት ሰዓት እንቅልፍ ይኖራል። ኤርፖርት ተራ እየጠበቀ መሪው ላይ የሚያንቀላፋ ሰው “ደክሞኝ ነው” ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ደክሞታል። የድካሙ ምክንያት ግን የሥራው ብዛት ብቻ ላይሆን ይችላል። ስኳርና የደም ግፊት ያለበት፣ ግፊቱ በመድኃኒት አልወርድ ያለው፣ ጠዋት ራሱን የሚያመው፣ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት የሚነሣ ሰው ከእነዚህ መካከል አለ። ለእያንዳንዱ የተለየ ኪኒን ይውጣል። የሚያገናኛቸውን ክር ግን የሚፈልግለት የለም።

ሹፌሮቻችን ዝም የሚሉበት ሌላም ምክንያት አለ፤ መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል የሚል ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ከምንም የተነሣ አይደለም። በዲሴምበር 1 ቀን 2013 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የሜትሮ ኖርዝ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ አራት ሰው ሲሞት፣ የባቡሩ ነጂ ያልታወቀ ስሊፕ አፕኒያ እንደነበረበት ተደረሰበት። ከዚያ በኋላ የፌዴራል መንግሥት የባቡርና የከባድ መኪና ነጂዎችን ስለ መመርመር ደንብ ማውጣት ጀምሮ ነበር፤ በኦገስት 2017 ግን ተወው። ይህንን ኩባንያዎች በደስታ ተቀበሉት። ለሠራተኛው ግን ምን ጠቀመው? ሕጉ ከባድ መኪና ከመንዳት የሚያግደው ያልታከመውን ነው፤ ታክሞ በማሽኑ የሚተኛ ሹፌር ሥራውን ይቀጥላል። ሸሽጎ የሚነዳው ግን ራሱንም ተሳፋሪውንም ይዞ ነው የሚሄደው።

መሸሸግ! በ2012 ክረምት መለስ ዜናዊ ከሕዝብ ዓይን ተሰውረው ሳምንታት ሲያልፉ፣ ባለሥልጣናቱ “ደህና ናቸው፣ በቅርቡ ይመለሳሉ” ሲሉ፣ እኛ በስደት ያለን “የሀገር መሪን ሕመም ከሕዝብ መደበቅ ነውር ነው” ብለን ጮኸናል። ልክም ነበርን። ኦገስት 20 ማረፋቸው እስኪነገር ድረስ የተዋሸው ሁሉ ታሪክ መዝግቦታል። እስኪ አሁን ደግሞ ወደየቤታችን እንይ። ወንድም የእህቱን ሕመም የሚሰማው ከሞተች በኋላ ነው። ባል ለሚስቱ “ለምርመራ ነው የምሄደው” ሳይል ብቻውን ሄዶ ይተኛል፤ በመድኃኒት ለተኛ ሰው ቤት የሚያደርሰው ሰው ግዴታ ሲሆንበት ብቻ አንድ የሥራ ባልደረባ ይለምናል። ያ ባልደረባ ሌሊት እንዴት እንደሚያንኮራፋ በምን ያውቃል?

ዋናው ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ከምርመራው ጥቂት ቀን አስቀድሞ ነርስ ትደውላለች። ጥያቄዋ ፈጣን ነው፦ የልብ በሽታ? የለም። አስም? የለም። ስሊፕ አፕኒያ? “ኖ።” ሰውየው አልዋሸም። የማያውቀውን ስም ጠርታ ጠየቀችው፣ የለብኝም አላት። ነገር ግን የለብኝም ማለትና ተመርምሬ አላውቅም ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው “የለበትም” ነው። በማግሥቱ መርፌውን የሚሰጠው ባለሙያ ያንን አይቶ መጠኑን ይወስናል።

ትክክለኛው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ለዚህም ብዙ ሐኪም ቤቶች የሚጠቀሙበት፣ ቶሮንቶ ውስጥ የተዘጋጀና በ2008 የታተመ አጭር መጠይቅ አለ። ስምንት ጥያቄ ብቻ ነው። በር ተዘግቶ እንኳ እስኪሰማ ድረስ ታንኮራፋለህ ወይ? ቀን ቀን ይደክምሃል፣ ያንቀላፋሃል ወይ? ተኝተህ ትንፋሽህ ሲቆም ያየ ሰው አለ ወይ? የደም ግፊት አለብህ ወይ? ቀሪዎቹ ስለ ክብደት፣ ከ50 ስለ ማለፍ፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሆነ የአንገት ዙሪያና ወንድ ስለ መሆን ናቸው። ሦስትና ከዚያ በላይ “አዎ” ያለ ሰው መመርመር አለበት፤ ቢያንስ የሚያስተኛው ባለሙያ ሊያውቀው ይገባል። ቀጭን ነኝ ብሎ የሚዝናናም ቢሆን አይዘናጋ፤ መንጋጋቸው ትንሽ የሆነ ቀጫጭን ሰዎችም ይታፈናሉ።

ይህንን ጥያቄ በአማርኛ የሚጠይቀን ማን ነው? ብዙውን ጊዜ አስተርጓሚያችን የ12 ዓመት ልጃችን ነው። “አባትህ ያንኮራፋል ወይ?” ሲባል አፍሮ “ኖ” የሚል ልጅ። ይህ ሕገ ወጥ ነው። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የ2010ሩ የጤና ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት ሁሉ ያለ ክፍያ ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ያስገድዱታል፤ ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር ልጅን ማስተርጎም አይፈቀድም። ካሊፎርኒያም በ2003 ባወጣችው ሕግ ኢንሹራንሶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ አዛለች። በማርች 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን ይፋዊ ቋንቋ ብለው ሲያውጁ ከ2000 ጀምሮ የነበረውን የክሊንተንን የቋንቋ ትእዛዝ ሽረዋል። እነዚህ ሕጎች ግን በኮንግረስና በክልል ምክር ቤት የወጡ ናቸው፤ በአንድ ፊርማ አይሻሩም። ስለዚህ “አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ” ማለት ልመና አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ከታወቁት ቋንቋዎች አንዱ የሆነው በዝምታ አልነበረም፤ የጠየቁ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምንለው ነገር ፖለቲካ ለሚወድ አንባቢያችን ይጥመዋል ብለን እንገምታለን። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ (ፐልስ ኦክሲሜትር) ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ በ1974 ባቀረበው ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ትልቅ ፈጠራ ነው፤ ብዙ ሕይወት አድኗል። የሚሠራው ቀይና ከቀይ በታች የሆነ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ ደሙ ምን ያህል ኦክስጅን እንደያዘ በመገመት ነው። ብርሃኑ የሚያልፈው ግን በቆዳ ውስጥ ነው። በዲሴምበር 2020 የሚሽጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ባወጡት ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 እያሳየ ትክክለኛው የደም ኦክስጅን ግን ከ88 በታች የነበረው በነጮች ላይ ከ100 ወደ 4 በሚጠጋ፣ በጥቁሮች ላይ ከ100 ወደ 12 በሚጠጋ ልኬት ነበር። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ችግሩ ከ1990 ጀምሮ በሳይንስ መጽሔቶች ተጠቁሞ ነበር። ሆኖም የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2013 መመሪያው የጠየቀው መሣሪያው ቢያንስ በ10 ሰዎች ላይ እንዲሞከርና ከእነሱም 2ቱ ወይም 15 በመቶው ጥቁር ቆዳ ያላቸው እንዲሆኑ ነበር። ሁለት ሰው! በጃንዋሪ 2025 ቁጥሩን ወደ 150 የሚያሳድግ ረቂቅ ወጥቷል። ኦክላንድ ውስጥ ያለው ሩትስ የተባለ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከል ደግሞ በ2023 አምራቾቹንና ሻጮቹን ፍርድ ቤት አቁሟቸዋል። ሐኪም ቤት ፎርም ላይ አማራ፣ ኦሮሞ፣ ትግሬ፣ ጉራጌ የሚል ሣጥን የለም፤ ሁላችንም “ጥቁር” ተብለን አንድ ሣጥን ውስጥ ነን። ጣታችን ላይ ያለው ብርሃንም በዘር ፌዴራሊዝም አያምንም።

ለዚህ ነው አንድ መሣሪያ ብቻውን የማይበቃው። በአፍንጫ የሚወጣውን የተቃጠለ አየር የሚለካ ሌላ መሣሪያ አለ፤ ካፕኖግራፊ ይባላል። ትንፋሽ ሲቆም ወዲያው ያሳያል፤ የጣቱ መለኪያ ግን ኦክስጅኑ እስኪወርድ ይጠብቃል፣ በተለይ በአፍንጫ ኦክስጅን እየተሰጠ ከሆነ ብዙ ሊዘገይ ይችላል። የአሜሪካ የአንስቴዥያ ሐኪሞች ማኅበር ከጁላይ 2011 ጀምሮ በመካከለኛና በከባድ ማስተኛ ጊዜ ይህ መሣሪያ እንዲኖር ደንግጓል። ይሁን እንጂ የማኅበር ደንብና የየክሊኒኩ አሠራር አንድ አይደሉም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2015 አንድ የ6 ዓመት ሕፃን በጥርስ ሐኪም ቢሮ ሲተኛ ትንፋሹ ቆሞ ሞተ፤ ጥርሱን የሚነቅለውና የሚያስተኛው አንድ ሰው ነበር። ወላጆቹ ዝም አላሉም፤ በዓመቱ በልጃቸው ስም የተጠራ ሕግ አስወጡ፤ በ2018 ደግሞ የበለጠ ጠንካራ ሕግ ተከተለ።

እኛ ዘንድ ሲሆንስ? “ቀኑ ደርሶ ነው” ይባላል። አስከሬን እንዲመረመር አይፈለግም። ፌርፋክስ ላይ ፎቶ ያለበት ሣጥን ይቀመጣል፣ እድሩ ይሰበሰባል፣ በሁለት ቀን ውስጥ ሬሳውን ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ገንዘብ ይዋጣል። በዚህ መረዳዳታችን እንኮራለን፤ እናከብረዋለን። ነገር ግን የሕክምና ማኅደሩ ቅጂ ይሰጠን ብሎ የሚጠይቅ ዘመድ እምብዛም አይገኝም። የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ አይጠብቅም፤ ጉዳቱ በሕክምና ስሕተት መሆኑ ከታወቀ ወይም መታወቅ ከነበረበት ጊዜ አንሥቶ ለክስ ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ከ1975 ጀምሮ ለሐዘንና ለሥቃይ የሚከፈለው ካሣ ከ250,000 ዶላር እንዳያልፍ ተገድቦ ስለነበር ብዙ ጠበቃ የድሃ ጉዳይ አይዝም ነበር። ይህ ገደብ በ2022 ሕግ ተሻሽሏል፤ ከ2023 ጀምሮ ለሞት 500,000 ሆኖ በየዓመቱ ከፍ እያለ ይሄዳል። ይህንን የምንለው ገንዘብ ሰውን ይመልሳል ብለን አይደለም። ክሊኒኮች የሚጠነቀቁት የሚጠይቅ ቤተሰብ ላለው ሰው ነው።

ከፌርፋክስ በኦሊምፒክ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ትንሽ ሲነዱ ኮሪያታውን ይደርሳሉ። ምልክቶቹ በኮሪያኛ፣ ባንኮቹ በኮሪያኛ፣ ፋርማሲውና የጥርስ ሐኪሙ በኮሪያኛ ናቸው። ከ1986 ጀምሮ ድሆችን በቋንቋቸው የሚያስተናግድ የጤና ማዕከል አላቸው፤ ዛሬ ከኮሪያውያን ሌላ ለላቲኖውና ለቤንጋሊውም ተርፏል። አንዲት ኮሪያዊት አሮጊት ስለ ባሏ ማንኮራፋት በቋንቋዋ ለነርስ መናገር ትችላለች። ኮሪያውያን ቁጥራቸው ብዙ ነው፣ ገንዘብም አላቸው፣ የእኛን ከእነሱ ማወዳደር ልክ አይደለም የሚል ይኖራል። እርግጥ ነው እኛ ጥቂት ነን፤ ፌርፋክስ ላይ እንበላለን፣ እንገበያያለን እንጂ መኖሪያችን በየአቅጣጫው የተበተነ ነው። ነገር ግን በ2002 የከተማው ምክር ቤት ያቺን አንድ ሰፈር “ሊትል ኢትዮጵያ” ብሎ የሰየመው እኛ ተሰባስበን ስለ ጠየቅን ነው። ያን ጊዜ የምርጫ ገንዘብ አዋጥተን፣ ፈርመን፣ ተሰልፈን ያገኘነው የመንገድ ምልክት ነው። ደስ ብሎናል። ከምልክቱ ሥር ግን ደም ግፊት የሚለካበት አንድ ወንበር አላስቀመጥንም።

ሀገር ቤት ያለውም ጉዳይ ይመለከተናል። በ2010 በላንሴት የወጣ ጥናት በዓለም ላይ ወደ 77,700 የሚጠጉ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች የኦክስጅን መለኪያ እንደሌላቸው ገምቶ ነበር፤ አብዛኞቹ በእኛ ዓይነት አገሮች ያሉ ናቸው። በዓመቱ ሐኪሙና ጸሐፊው አቱል ጋዋንዴ ያሉበት ላይፍቦክስ የተባለ ድርጅት ተቋቁሞ በ250 ዶላር ገደማ የሚገኝ ጠንካራ መለኪያ ማዳረስ ጀመረ፤ ኢትዮጵያም ከሚሠራባቸው አገሮች አንዷ ናት። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2016 ኦክስጅንና መለኪያውን በየሆስፒታሉ ለማዳረስ ዕቅድ አውጥቶ ነበር። ከዚያ የ2020 እስከ 2022 ጦርነት መጣ፤ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር የተዘረፈውንና የተሰባበረውን የሕክምና ዕቃ አንባቢ ያውቀዋል። እዚህ ኢንሹራንስ የለኝም ብሎ ለዕረፍት ሲሄድ ጥርሱን የሚያስነቅል፣ ጨጓራውን የሚታይ ዘመድ ያለው ሁሉ እዚያም ቢሆን “ተኝቼ ሳለሁ ትንፋሼን የሚያየው ማነው?” ብሎ መጠየቅ ይችላል። ለአንድ የፖለቲካ ድርጅት የአዳራሽ ኪራይ የምናወጣው ገንዘብ ስንት መለኪያ እንደሚገዛ ማስላት ለአንባቢ እንተወዋለን።

አንድ ነገር በግልጽ እንበል። ይህንን አንብቦ የአንጀት ካንሰር ምርመራውን የሚሰርዝ ሰው ቢኖር እጅግ እናዝናለን። ቻድዊክ ቦዝማን በ2020 በዚሁ ከተማ በአንጀት ካንሰር ሲሞት ገና 43 ዓመቱ ነበር፤ ከ2021 ጀምሮም የምርመራው መነሻ ዕድሜ ወደ 45 ወርዷል። ምርመራው ያድናል። ስሊፕ አፕኒያ ያለበት ሰውም በሰላም ተኝቶ ይነሣል፤ የሚያስተኛው ሰው አስቀድሞ ካወቀ መጠኑን ይቀንሳል፣ በጎኑ ያስተኛዋል፣ ከክሊኒክ ይልቅ ሆስፒታል ይመርጥለታል፣ ከምርመራው በኋላ ረዘም አድርጎ ይጠብቀዋል። ማሽን ያለው ሰው ማሽኑን ይዞ መሄድ አለበት፤ ጓዳ አስቀምጦት መሄድ አይጠቅመውም። ክብደት ለመቀነስ በየሳምንቱ የሚወጋ ሰውም ይህንኑ ይናገር፤ መድኃኒቱ ምግብን ሆድ ውስጥ ስለሚያቆይ ተኝቶ ሳለ ወደ ሳንባው ሊሄድበት ይችላል።

የእንቅልፉ ምርመራ እንደ ድሮው ሆስፒታል ማደርን ብቻ የሚጠይቅ አይደለም። ለብዙ ሰው ቤቱ ወስዶ አንድ ሌሊት ደረቱ ላይ የሚታሰር ቀበቶ፣ አፍንጫው ሥር የሚሆን ቀጭን ቱቦና ጣቱ ላይ የሚሰካ መለኪያ አድርጎ መተኛት ይበቃዋል። ሕክምናውም አለ። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሰሊቫን በ1981 ያስተዋወቀው ሲፓፕ የተባለው ማሽን አየር እየገፋ ጉሮሮውን ክፍት አድርጎ ያሳድረዋል። መልኩ የጋዝ ጭምብል ይመስላል፤ “ይህንን አድርጌ ከሚስቴ ጋር ልተኛ?” የሚሉ ወንዶች አሉ። ሚስቶቻቸውን ቢጠይቁ ሌላ መልስ ያገኙ ነበር ብለን እንጠረጥራለን። የፊሊፕስ ኩባንያ በጁን 2021 በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሮጌ ማሽኖቹን ስለ ሰበሰበ፣ ከዘመድ የተረፈ ማሽን የወረሰ ሰው ከመጠቀሙ በፊት ያጣራ። በዲሴምበር 2024 ደግሞ ዜፕባውንድ የተባለው መርፌ ውፍረት ላለባቸው የበሽታው ታማሚዎች ተፈቅዷል።

አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና እድሮች እዚህ ላይ ከፖለቲካ ድርጅቶች የተሻለ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። ከቅዳሴ በኋላ በሚጠጣው ሻይ ላይ አንድ የእኛው ነርስ ስምንቱን ጥያቄዎች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ብታነብ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። አንገት ለመለካት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ሚስቶችም ይጠየቁ፤ የሌሊቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

እስከዚያው ድረስ ነርሷ ስትደውል እንግሊዝኛ ለሚያስቸግራቸው አባቶችና እናቶች የምትሆን አንዲት ዓረፍተ ነገር በፊደላችን ጽፈን ስልኩ አጠገብ እንለጥፍላቸው፦ “አይ ስኖር። አይ ሃቭ ኔቨር ቢን ቴስትድ ፎር ስሊፕ አፕኒያ። አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ።”